ቀስቱ ወደ ቀኝ ነበር

ሰኔ 3 ቀን 2017፣ አሰላ

የድርጅታችን ኃላፊ አቶ በእውቀቱ ዛሬ ሾፌሮችንና ነርሶችን ሰብስበው ለመኪኖቻችን የመንገድ መሪ መሣሪያ ሊገዛ መሆኑን ነገሩን። አስፋልት ካለቀ ወዲያ ወዳለው ጤና ኬላ ሁሉ የምንደርሰው እኛ ነን፤ ክትባት፣ መድኃኒት፣ ሲብስም ወላድ። የትኛው ጂፒኤስ፣ የትኛው ካርታ እንደሚሻል ሞክሬ እንድመርጥ የተመደብኩት እኔ ነኝ።

«ከአበጋዝ ሌላ ማን መንገድ ያውቃል?» አሉ።

ጀዋር፣ አብሮኝ የሚሠራው ሾፌር፣ «ጋሼ ራሳቸው ጂፒኤስ አይደሉ እንዴ! ምን ያደርግላቸዋል?» ብሎ ሰው አሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ሐሳቡን መጀመሪያ ሹክ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ለነርሷ፣ ለሲስተር ሴና። እሷም የራሷ አድርጋ አቀረበችው። የነገርኳት ባለፈው ወር ከሳጉሬ በላይ መታጠፊያውን ስቼ ብዙ ከሄድኩ በኋላ ነው። ጉም ነበር። በጉም ማንም ይስታል።

የምሞክረውን እንድጽፍበት ይህን ደብተር ገዛሁ።

ሰኔ 9

አዳማ ወርጄ ዋልኩ። ሻጩ ሦስት ዓይነት ዘረጋልኝ። አንደኛው በእጅ የሚያዝ ነው፤ ወፍራም ጎማ የለበሰ፣ ቁልፍ ያለው። ስክሪኑ ትንሽ ቢሆንም ፀሐይ ላይ ይነበባል፣ ውሃ አይፈራም፣ በተራ ባትሪ ይሠራል። ሁለተኛው መስታወት ላይ የሚለጠፈው ነው። ይናገራል፣ ግን ለአስፋልት የተሠራ ነው፤ አስፋልት ሲያልቅበት «ተመለስ» ብቻ ነው የሚለው፣ እሱም በእንግሊዝኛ። ሦስተኛው ታብሌት ነው፤ ካርታውን ቀድመህ ካወረድክበት ያለ ኔትወርክ ይሠራል፣ ከሰማይ የተነሳውን ፎቶ ሳይቀር ያሳይሃል።

በእጅ የሚያዘው ላይ አንድ ነገር ወደድኩ። የመጣህበትን መንገድ ይዞ ወደ ኋላ እየመራ ይመልስሃል። እንዴት እንደሚሠራ ሻጩን ጠየቅሁት። ወጥቼ ሻይ ጠጥቼ ተመለስኩና ጠየቅሁት።

«አባቴ፣ ቅድም አሳይቼዎታለሁ እኮ» አለኝ። ፊቱን ወደ ሌላ ደንበኛ አዞረ።

የገበያ ቀን ነበር። ጫጫታ በበዛበት ሰው ምን ይሰማል።

ሰኔ 12

ከጀዋር ጋር ኢተያ ዙሪያ፣ በስንዴ ማሳዎቹ መሐል። ዝናብ። ታብሌቱ አበደ፤ ጠብታ ባረፈበት ቁጥር ጣት የነካው መስሎት ካርታውን ያሽከረክራል። ያሳየን አንድ መንገድ ደግሞ ታርሷል፤ ጤፍ ሊዘራበት ነው። ገበሬው እርፉን ይዞ ቆሞ አየን፤ እኛም እሱን።

ጀዋር ታብሌቱን ነው የወደደው። እኔ በእጅ የሚያዘውን።

ሰኔ 18

ከሥራ ስገባ ሐመልማል በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

«መኪናህ አልፎን ሄዶ ነበር» አለች። «ተመልሶም አለፈ።»

«ሞተሩን እያዳመጥኩ ነበር። አንድ ድምፅ አለው።»

«ምን ዓይነት ድምፅ?»

«ብነግርሽስ ታውቂዋለሽ?»

ከበሩ ዘወር አለችልኝ። ጎረቤታችን ወልደ ጊዮርጊስ አጥሩን በአዲስ ቆርቆሮ ቀይሮታል። ሰፈሩ ሌላ መስሏል። ይህን ልነግራት አልፈለግሁም።

በኋላ ጓዳ ሆና ከልጃችን ከሳምራ ጋር በስልክ ስታወራ ሰማሁ። «አባትሽ ደህና ነው። ትንሽ ይደክመዋል እንጂ ደህና ነው። አይ፣ አትምጪ። ለምን መጣሽ ቢልሽ ምን ትይዋለሽ?»

ሰኔ 25

ቢሮ ዋልኩ። ሲስተር ሴና በኮምፒውተር ካርታ መጫን አሳየችኝ። መንገድ ብቻ የሚያሳይ ካርታ ለእኛ አይበቃም፤ የተራራውን ከፍታ በመስመር የሚያሳየው ያስፈልጋል። መስመሮቹ ሲቀራረቡ ገደል ነው። አንዱ ካርታ አቦምሳ ጋ ሲደርስ በቢላ እንደ ተቆረጠ ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ነጭ ነው። ቁልቁለቱ የሚጀምረው ደግሞ እዚያ ነው። ሌላኛው መንገዱን ሁሉ አንድ ዓይነት ቀለም ቀብቶታል፤ በበጋ ብቻ የሚታለፈውን ከክረምቱ አይለይም። በመጨረሻ ሁለቱን አደራርበን ጫንን፤ ውሃ የሚሞላባቸውን መሻገሪያዎች እኔ እየነገርኳት እሷ ምልክት አደረገች።

አንዱ ወንዝ ጋ ስደርስ ስሙ ምላሴ ላይ ቆሞ አልወጣ አለ። ሳል ያዘኝ ብዬ ወጣሁ። ስመለስ ራሷ ጽፋዋለች። ቀና ብላም አላየችኝ።

በእጅ በሚያዘው ላይ የቤቴን ቦታ መዘገብኩ። ለሙከራ። ጀዋር መሣሪያውን ሲያገላብጥ በላቲን ፊደል የጻፍኩትን «ቤት» አገኘው። የማን ቤት ነው ብሎ አልጠየቀም። ባትሪውን ቀየረና መለሰልኝ።

ሐምሌ 4

አቦምሳ። ብቻዬን። አረፈድኩ። ክትባቱ በሳጥኑ ውስጥ ከበረዶው ጋር ስለነበር አልተበላሸም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ጤና ጣቢያው ደጅ ሕፃናት የታቀፉ እናቶች ዝናብ ላይ ቆመው ደረስኩ።

የጭነት መኪና መንገድ ዘግቶ ነው አልኳቸው። ውሸት አይደለም፤ የተቀረቀረ የጭነት መኪና አይቻለሁ። አይቻለሁ።

መሣሪያው ባይኖር ኖሮ። ይህን አልጨርሰውም።

ሐምሌ 10

ለአቶ በእውቀቱ ምርጫዬን አቀረብኩ። በእጅ የሚያዘው በየመኪናው ይሁን፤ ካርታው ቢሮ እየተዘጋጀ ይጫንበት፤ ታብሌቱ ጉዞ ለማቀድ ቢሮ ይቅር። እሳቸው ታብሌቱን ወደውት ነበር፣ «ለጎብኚም ደስ ይላል» አሉ። የረጠበ ጣት አያውቅም አልኳቸው። ስክሪኑ ትልቅ ከሆነ ሾፌሩ እሱን እያየ ገደል ይገባል አልኳቸው። ተቀበሉኝ።

ቀጥለው ግን፣ «እንግዲህ ማንም ሾፌር የትም መሄድ ይችላል ማለት ነው። አንተ ክረምቱን ከተማ ሆነህ ሌሎቹን አሠልጥን፤ ዕረፍትም ይሆንሃል» አሉ።

እንደ ሽልማት ነው የተናገሩት።  መሣሪያውን ያስመጣሁት እንድነዳ ነው እንጂ እንድወርድ አይደለም። ለራሴ ነበር። ለሁላችንም ማለቴ ነው።

«ይህን ክረምት እኔው ልንዳ፤ መስከረም ሲጠባ እናያለን» አልኳቸው። ለመንኳቸው ማለት ይቻላል። ትንሽ አዩኝና እሺ አሉ።

ሐምሌ 19

ሐመልማል ገብርኤል ሄዳለች። ስለ ምን እንደምትሳል አልነገረችኝም።

ጀዋር መኪና እያጠብን ሳለ፣ «ጋሼ፣ የጮሌውን መስመር በዚህ ወር ለእኔ ይልቀቁልኝ» አለ።

«ለምን?»

«ጉሙ ከብዷል። እርስዎም ደክመዋል።»

«አንተ ነህ የጮሌን መንገድ የምታስተምረኝ? ማን አስተማረህ? መሪ የያዝከው በማን እጅ ነው?»

ጮኽኩበት። ዘበኛው ሳይቀር ወጥቶ አየን። ጀዋር አንገቱን ደፍቶ፣ «በእርስዎ ነው፣ ጋሼ» አለና ባልዲውን አንስቶ ሄደ። ቁጣ የማልወድ ሰው ነበርኩ። ሐመልማል የሰፈር ሽማግሌ ነህ ትለኛለች። ከየት መጣብኝ?

ሐምሌ 24

ትናንት የሆነውን በቅደም ተከተል ልጽፈው ነው። ሳይቀላቀልብኝ።

ጠዋት ስልክ ተደወለ። ከጮሌ ወዲያ ካለ ቀበሌ፣ ምጥ የጠናባት ሴት። እኔና ሲስተር ሴና ወጣን። መሄዱ መልካም ነበር፤ መሣሪያው መራኝ፣ እኔም መንገዱን አወቅሁት። ባሏ ሁሴኖ ይባላል። ከጎረቤቶቹ ጋር በቃሬዛ ተሸክመው እስከ መኪናው አመጧት። ሁሴኖ ጋቢና ከጎኔ ተቀመጠ፤ ሲስተር ሴና ከኋላ ከሴትዮዋ ጋር።

«ቶሎ እንድረስ፣ ጋሽ አበጋዝ» አለችኝ ሴና። ድምጿ ረጋ ያለ ነበር፤ እሷ ድምጿን ስታረጋ ነገሩ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ።

ተራራው አናት ስንደርስ ጉም ወረደ። መገንጠያው ላይ ደረስን። ቀስቱ ወደ ቀኝ ነበር። እኔ ወደ ግራ አጠፍኩ።

ለምን ብባል መልስ የለኝም። የግራው መንገድ ታወቀኝ። እንደ ቤቴ ደጃፍ ታወቀኝ።

መሣሪያው ጮኸ። «ደመና ሲከብድ ይሳሳታል» አልኩ፤ ማንም አልጠየቀኝም። ስክሪኑን ወደ ታች ገልብጬ አስቀመጥኩት። ሁሴኖ መሣሪያውን አየ፣ እኔን አየ፣ ፎጣውን ወደ አፉ ሳበ።

መንገዱ እየጠበበ ሄደ። ኋላም መንገድ መሆኑ ቀረ። ሣርና የአስታ ቁጥቋጦ ብቻ። አቆምኩ።

ያን ጊዜ የደረሰብኝን «መንገድ መሳት» አልለውም። መንገድ የሳተ ሰው ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል። እኔ መሪውን እንደያዝኩ ወዴት እንደምሄድ ጠፋኝ። ከጎኔ የተቀመጠው ሰው ማን እንደሆነ ጠፋኝ። ዝናብ መስታወቱን ይመታል፣ ከኋላ ሴት ታቃስታለች፣ ለምን መኪናዬ ውስጥ እንዳለች አላውቅም። ለአፍታ ነው። ረጅም አፍታ።

«ጋሽ አበጋዝ፣ ለምን ቆምን?» አለች ሴና።

«ጎማ ነው» አልኩ።

ወርጄ መኪናውን ዞርኩ። ጎማዎቹን አንድ በአንድ በእግሬ መታሁ። ደህና ናቸው። ገብቼ መሣሪያውን አነሳሁ። ራሴ የመረጥኩት፣ ራሴ የሞከርኩት መሣሪያ ነው። ቁልፎቹን አየኋቸው። የትኛው ምን እንደሚሠራ አንዱም አልመጣልኝም።

ሴትዮዋ ጮኸች። ያ ጩኸት ነው ያነቃኝ መሰለኝ። የኋላውን በር ከፈትኩ።

«ሲስተር፣ ጠፍቶብኛል።»

«ምኑ?»

«ሁሉም። ከየት እንደመጣን። መሣሪያውንም ረሳሁት።»

ፊቷ ላይ ያየሁትን አልረሳም ብዬ ብጽፍ ይሻላል። አልተቆጣችም፤ አልደነገጠችምም። የጠበቀው ነገር የደረሰበት ሰው ነው የመሰለችው። ሁሴኖን በኦሮምኛ «ና እጇን ያዝ» ብላ ወደ ኋላ ጠራችው፤ እሷ ጋቢና ገባች። እኔ የነገርኳት በአማርኛ ስለነበር ሁሴኖ የሰማ አልመሰለኝም።

መሣሪያውን ተቀበለችኝ። «ማሰብ አያስፈልግዎትም» አለች። «እጅዎ መንዳት ያውቃል። እኔ ቀኝ ግራ እላለሁ፤ እርስዎ ያጥፉ።»

ወደ ኋላ ተመለስን። ቀኝ አለች፣ አጠፍኩ። ቀስ አለች፣ ቀስ አልኩ። እጄ እውነትም ያውቅ ነበር፤ ጭቃው ሲይዘን ማርሹን የቀየረው፣ ሲንሸራተት መሪውን የለቀቀው እጄ ነው። እኔ እዚያ አልነበርኩም። ሴና በየመሐሉ ወደ ኋላ ዞራ ሴትዮዋን ታያለች፣ እንደገና ወደ ስክሪኑ ትዞራለች።

ሆስፒታል ደረስን። ሴትዮዋን ወስደው ቀዶ ሕክምና አደረጉላት። እሷ ተርፋለች። ሕፃኗ ሴት ነበረች። አልጮኸችም።

ሐምሌ 25

ሴናን ጠየቅኋት። «ከተነሳን ጀምሮ የሕፃኗ የልብ ምት ደካማ ነበር» አለችኝ። «ያን ጊዜም የምትደርስ አይመስለኝም ነበር።»

«አይመስለኝም ነው ወይስ አትደርስም ነበር?»

«ጋሽ አበጋዝ፣ በእውነት አላውቅም።»

ብትዋሸኝ ይሻል ነበር። አይ፣ አይሻልም።

ሐምሌ 26

እንደገና ጠየቅኋት። መጠየቄን የነገረችኝ ራሷ ናት።

ሐምሌ 28

የመኪናውን ቁልፍ አቶ በእውቀቱ ጠረጴዛ ላይ አኖርኩ። ለመናገር አስቤ የሄድኩት ብዙ ነበር፤ አፌ ላይ የመጣው «አሁን አልችልም» ብቻ ሆነ። ተነስተው ትከሻዬን ያዙኝ። «ዓይንህ ነው እንዴ?» አሉኝ። ዓይኔ ነው ማለት እንዴት በቀለለኝ። አይደለም አልኳቸው።

ቤት ገብቼ ለሐመልማል ነገርኳት። ስትሰማኝ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፤ አላቆመችም። «ያኔ በራችን ላይ ስታልፍ ፊትህን በመስኮቱ አይቼው ነበር» አለች። «ቤቱን እየፈለግህ ነበር።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«እንዳታፍር ብዬ።»

ነሐሴ 6

ሐኪሙ ወጣት ነው። ሰዓት ሣል አለኝ። ክቡን ሣልኩ፤ ቁጥሮቹን አንድ ጎን ላይ አጨናነቅሁባቸው። የሰጠኝን ቃላት መልስ ሲለኝ አንዱን ብቻ መለስኩ፣ «ድልድይ»። ሌሎቹ ምን ነበሩ? እስካሁን እያሰብኩ ነው። ሐመልማል ታውቃቸዋለች፤ እንድትነግረኝ ግን አልፈልግም።

የመርሳት በሽታ ነው፣ ገና ጅማሬው ነው አለ። መድኃኒት አለው፤ ያዘገየዋል እንጂ አይመልሰውም። መኪና በፍጹም። ሌላም ብዙ ተናገረ።

ሐመልማል ታክሲ ውስጥ እጄን ይዛ ነበር። ሰው ፊት እጄን ይዛ አታውቅም። መንገድ መሪ የነበርኩ ሰው በታክሲ ወንበር ላይ ወደ ኋላ የሚሮጠውን መንገድ እያየሁ፣ ነገ የትኛው ይሆን የሚሄደው አልኩ በሆዴ። የሳምራ ስም? የሐመልማል ፊት?

ነሐሴ 14

አልጋ ላይ ዋልኩ። የሚጻፍ የለም።

ነሐሴ 21

ዝናብ። ጀዋር መጣ። ትንሽ ተቀምጦ፣ «ጋሼ፣ ሁሴኖ ቢሮ መጥቶ ነበር። ሊያመሰግንዎት» አለ።

«ምን ብሎ?»

«ሚስቴን አተረፉልኝ ብሎ። ማር ይዞ።»

ማሩን ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ሐመልማል ወደ ጓዳ ልታገባው ስትል ተዪው አልኳት። አልቀምሰውም። ሰውየው አያውቅም። ሄጄ ካልነገርኩት አይሆንም፤ ደግሞም ሳልረሳው። አንድ ቀን ተነስቼ ማሩን እየበላሁ የማን ማር ነው ብል? ከሞት የምፈራው እሱን ነው።

ጳጉሜን 2

ጀዋር ይዞኝ ሄደ። እሱ እየነዳ፣ እኔ ጋቢና። በመንገዱ ላይ ብዙ አላወራንም። ሰማዩ ተከፍቶ ነበር፤ ገብሱ አሽቷል።

ሁሴኖ ደጁ ላይ ተቀበለን። ሚስቱ ቀጥና፣ ነጠላዋን ተከናንባ ግድግዳው ሥር ፀሐይ ትሞቃለች። አላህ ያጽናችሁ አልኳት። አሜን አለች፤ ወደ እኔ አላየችም።

ቆሜ ነው የነገርኩት። በኦሮምኛ፣ ጀዋር እንዲያስተረጉምልኝ አልፈለግሁም። «ያን ቀን ጎማው ደህና ነበር። መንገድ የሳትኩት እኔ ነኝ። መሣሪያው ወደ ቀኝ ብሎኝ ነበር፤ እኔ ወደ ግራ አጠፍኩ። የመርሳት በሽታ አለብኝ። አለብኝ ብዬ ከመቀበሌ በፊት ሚስትህን መኪናዬ ላይ ጫንኩ።»

 ሁሴኖ ጫማው ላይ ያለውን ጭቃ በእንጨት ይፍቅ ነበር።

«አውቃለሁ» አለ በመጨረሻ። «ስታጥፍ አውቄያለሁ። የግራው የከብቶቻችን ግጦሽ ነው። ልጅ ሆኜ የዋልኩበት ነው።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«አንተ ሾፌር ነህ። ትልቅ ሰው ነህ። ማሽን አለህ። እኔ የማላውቀው መንገድ አሳይቶህ ይሆናል አልኩ። እንዴት ብዬ ተሳስተሃል ልበልህ?» እንጨቱን ጣለው። «በየቀኑ ነው የማስበው። አንዲት ቃል ነበረች። እሷን ፈርቼ ዋጥኳት።»

 ጀዋርን አየሁት። ፊቱን ወደ ማሳው አዙሮ በመዳፉ ዓይኑን ይጠርጋል።

ስንመለስ ሁሴኖ እስከ መገንጠያው አብሮን መጣ። ወረድን። በጠራ ቀን ሲታይ ማንም የማይስተው መገንጠያ ነው። መሣሪያውን ለጀዋር ሰጠሁትና የግራው መግቢያ ላይ ምልክት እንዲያደርግ ነገርኩት። የእኛን ፊደል አይቀበልም፤ በቁቤ፣ ኦሮምኛ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ ጻፈው። ካራን ሂን ጂሩ። መንገድ የለም።

ሁሴኖ ምን እንደጻፈ ጠየቀ። ጀዋር ነገረው።

«ጥሩ ነው» አለ ሁሴኖ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «አሁን ስትሄድ ከተሳሳተ ንገረው» አለኝ፣ ጀዋርን በአገጩ እያመለከተ። «አትፈር።»

እሺ አልኩት። ወደ መኪናው ስገባ ጀዋር ሞተሩን አስነስቶ መሪውን ይዞ ቆየ።

«ጋሼ» አለኝ፣ «ኢተያ ስንሞክር ነው እኔ ያወቅሁት። ገና ሰኔ ላይ።»

«ንዳ» አልኩት።

ነዳ።